አስም መርካቶ ላይ ሲነሳ፦ የመጀመሪያው ሰዓት የማን ነው?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ፣ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ እንዳከበደው የከተማው ኃላፊዎች ራሳቸው ተናግረው ነበር። በዚያ ሰሞን የብዙው ሰው ወሬ ስለ ወደመው ንብረትና ስለ ነጋዴው ኪሳራ ነበር፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ያልለቀቀኝ ሌላ ሐሳብ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ተቸግሮ የሚገባበት መንገድ አምቡላንስንም ያስቸግራል። እሳት የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲነሳም ከሩቅ ይታያል። ትንፋሽ አጥሮት በርበሬ ተራ ውስጥ ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን መጮህ አይችልም። ጎረቤቶቹ «ትንሽ ይረፍ» እያሉ ውኃ ሲያቀርቡለት ሊሞት ይችላል።

የምከራከረው ስለዚያ ሰው ነው። መርካቶ ውስጥ አስም የተነሳበት ሰው መዳን አለመዳኑ የሚወሰነው በአብዛኛው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ዛሬ ባለቤት የለውም።

የከተማችን ድንገተኛ ሕክምና ብዙ መንገድ መጥቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚሠለጥንበት ፕሮግራም አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዓመት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀመረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ተመረቁ። እዚያው ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የሳንባና የፅኑ ሕክምና ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት የሳንባ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና ብቻ የቆመውን አቤት ሆስፒታልን ከፈተ። ቀይ መስቀል በ907፣ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 አምቡላንስ ይልካሉ። በጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት ክብረት አበበ ደግሞ ቤታቸውን ሸጠው በገዟቸው ሦስት መኪኖች ጠብታ አምቡላንስን መሠረቱ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የተሠራው በሕመምተኛው ጉዞ መጨረሻ ላይ ነው። መነሻው፣ ሱቁ ደጃፍ ያለው፣ እንደ ድሮው ነው። አምቡላንስ በቁጥር ቢጨምርም አብዛኛው የአዲስ አበባ ሕመምተኛ እስከ ዛሬ ድረስ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚወርደው ከታክሲ ነው።

ለሌላ ሕመም በዚህ መንገድ የሚመጣው መዘግየት ላይከፋ ይችላል። ለአስም ግን ሰዓቱ ራሱ የሕክምናው ግማሽ ነው። አስም ሲነሳ ደረት ውስጥ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሆናል፤ የአየር ቧንቧዎቹን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ ወፍራም አክታም ይዘጋቸዋል። አየር በግድ ይገባል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል። ሕዝቡ በንግድ ስሙ ቬንቶሊን የሚለው ሳልቡታሞል ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚያወርደው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራውን ለመጀመር አራት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። እንግዲህ አስሉት። ኪኒኑ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እዚያው መርካቶ ከተዋጠ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስለታል። ካርድ ወጥቶ፣ ሪፈር ተጽፎ፣ ታክሲ ተለምኖ፣ ወረፋ ተጠብቆ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተሰጠው ግን የሚደርስለት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ የደከመ ደረት ሊቆም ይችላል።

ብዙ ሰው የሚተማመነው በመርፌ ነው፤ መርፌ ያልተወጋ የታከመ አይመስለውም። መዋጥ ለሚችል ሰው ግን ኪኒን ፕሬድኒሶሎን በደም ሥር ከሚሰጠው ስቴሮይድ እኩል ይሠራል። ዓለም አቀፉን የአስም መመሪያ የሚያወጣው ጂና ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ርካሽ ነው፣ መርፌ የሚወጋ ባለሙያ አይፈልግም፣ የትም መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላ ብዙዎች የማያውቁት አደገኛ ነገር አለ። ከደረት የሚወጣው ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሲጠፋ ከበው የቆሙት ሰዎች «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላሉ። በጠና የታመመ ሰው ላይ ግን ድምፁ የሚጠፋው የሚያልፍ አየር ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ወደ ፊት አጎንብሶ እጁን ጉልበቱ ላይ የተደገፈ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ከዚያም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ዕረፍት እየወሰደ አይደለም፤ እየሞተ ነው። ከተማችንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ጤነኛው ሰው ለምዶታል፤ አስም ለተነሳበት ሰው ግን ከጅምሩ መጠባበቂያው አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንግባ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተቆረቆረው ይህ ሰፈር በተራ በተራ የተከፋፈለ ነው፤ አየሩም እንደዚያው። በርበሬ ተራ የሚያልፍ ሰው ሥራው ባይሆንም ያስነጥሳል፤ እዚያ የሚውሉት ነጋዴዎች፣ ዛላ የሚቀነጥሱት እናቶች፣ ጆንያ የሚጭኑት ልጆች ግን ያንን አየር ሙሉ ቀን ይተነፍሳሉ። እህል በረንዳ ላይ የጤፍና የስንዴ አቧራ አለ። ምናለሽ ተራ የብየዳ ጭስና የቀለም ሽታ፣ ሸማ ተራ የጥጥና የጨርቅ ብናኝ፣ አውቶቡስ ተራ የናፍጣ ጭስ። የእህል አቧራ ሳንባን እንደሚጎዳ ማወቅ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች ሕመም መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው፤ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች በትንፋሽ ማጠር እንደሚሠቃዩ ያኔ ጽፎታል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎም የእኛ እህል በረንዳ ሠራተኛ አፉ ላይ የሚያስረው ነጠላ ወይም ሻሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የታተመው፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በርክቶ እንደሚታይ አሳይቷል። መርካቶ ደግሞ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ገና በልጅነታቸው ለእንጀራ በመጡ ሰዎች የተገነባ ነው። በልጅነቱ ገጠር ሳለ ደረቱን አሞት የማያውቅ ጎረምሳ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ነጭ ሽንኩርት በማር ይወስዳል፣ ዳማከሴ ያሸታል፣ ጸበል ይጠመቃል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ሰው በእጁ ያለውን ነው የሚሞክረው። ችግሩ እስከዚያ ድረስ «ይህ አስም ነው፣ የሚያባብስብህም ሥራህ ነው» ያለው አለመኖሩ ነው።

ወቅትም አለው። በክረምት ጉንፋኑና የቤቱ እርጥበት ይቀሰቅሱታል፤ ከበጋው መግቢያ ቀዝቃዛ ጠዋቶች ጋር ደግሞ ጭሱ መሬት ለመሬት ይተኛል። ኅዳር 12 ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል፣ ኅዳር ሲታጠን። ብዙዎች ልማዱን በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር ያያይዙታል። ወረርሽኝን በጭስ ለማባረር ታስቦ የቆየው ይህ ቀን ዛሬ አስም ላለበት ሰው ከዓመቱ ክፉ ቀኖች አንዱ ነው። አሮጌ ጨርቅና ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ከእጣን ጋር አይወዳደርም። ልማዱ ጽዳቱን ይዞ ማቃጠሉን ቢተው ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉም ጥሩ እርምጃ ነው፤ ግን አውቶቡስ ተራ ላይ የሚያጨሱት አሮጌ ተሽከርካሪዎች ገና ለዓመታት አብረውን አሉ።

ሕመሙ ሲነሳ ምን ይደረጋል? መርካቶ ውስጥ ሰው ለሰው ደራሽ ነው፣ ይህን ማንም ይመሰክራል። አንዱ ወንበር ያመጣል፣ አንዱ ያራግባል፣ አንዱ እየሮጠ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። የመርካቶ የመጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል እንግዲህ ያ መድኃኒት ቤት ነው፤ በሕግ ማንም ያንን ስም ባይሰጠውም። የሮጠው ልጅ ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ ቬንቶሊን፣ ገዝቶ ይመለሳል። ሕመምተኛው ፓፉን አፉ ውስጥ ያደርግና ይጫናል። እየተጨነቀ፣ እየቃተተ፣ ትንፋሹ ሳይገጥም የሚወስደው ከሆነ አብዛኛው መድኃኒት ምላሱና ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ሁለቴ ሦስቴ ሞክሮ «አልሠራም» ይባላል። ከዚያ ሁለት ሰው በብብቱ ይዘውት፣ በእጅ ጋሪዎችና በሸቀጥ መሀል አሹልከው ታክሲ ወደሚገኝበት መንገድ ያወጡታል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «ካርድ አውጡ» ይባላሉ። መድኃኒቱን በጭጋግ መልክ የሚሰጠው ኔቡላይዘር ከተገኘ ጥሩ፤ ከሌለ ሪፈር። እያንዳንዱ ማረፊያ ከዚያ ሰዓት ላይ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይቆርሳል።

እዚህ ላይ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አንድ ግኝት ሊነገር ይገባዋል። በኬፕ ታውን የሕፃናት የሳንባ ሐኪም የሆኑት ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ያሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል ጥያቄ ያነሳ ነበር፤ ውድ የሆነውን የፋብሪካ ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባውን መያዣ፣ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይተካዋል ወይ? አስም የተነሳባቸውን ልጆች ከፋፍለው ሞከሩት። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ፣ ዙሪያው አየር እንዳያሾልክ በደንብ ከተደፈነ፣ ከፋብሪካው እኩል ሠራ። ፓፉ ወደ ጠርሙሱ ይረጫል፣ ሕመምተኛው በጠርሙሱ አፍ በኩል በራሱ ፍጥነት እየተነፈሰ ይወስደዋል። ትንፋሽና ጣት መግጠም አያስፈልጋቸውም። ሌሎች በርካታ ጥናቶችም ተደማምረው ሲታዩ በስፔሰር የተሰጠ ፓፍ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከኔቡላይዘር እንደማያንስ አረጋግጠዋል። ጂና ለጤና ተቋም የሚያስቀምጠው መጠን በየሃያ ደቂቃው ከአራት እስከ አሥር ፓፍ፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው። ፓፍና ስፔሰር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አይቆሙም። ባዶ ጠርሙስ በኩንታል የሚሸጥባት መርካቶ ውስጥ ሰው ለስፔሰር እጦት መሞት የለበትም።

የገንዘቡ ነገር ሌላው ቁስል ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው ሁሉ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው፦ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው በቅድሚያ ኪሱ አይፈተሽም። አውቶቡስ ተራ ላይ መኪና የገጨው ወዛደርና እዚያው አጠገብ በጭሱ ትንፋሹ የቆመ ወዛደር እኩል ሟቾች ናቸው፤ አንዱ ግን ሕግ አለው፣ ሌላው የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ሊሞላ ይችል ነበር። እሱ ግን የሚመዘገበው በቤተሰብና በመኖሪያ ነው። ተደባልሎ የሚያድር፣ የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ማለትም አቧራውን ከሁሉ በላይ የሚተነፍሰው ሰው፣ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምፈራው ነገር እመጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጂና ለሃምሳ ዓመት የቆየ ልማድ ሻረ፦ አዋቂና ታዳጊ ሕመምተኛን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቁም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ ቶሎ ያስታግሳል፣ ሰውየውም የዳነ ይመስለዋል፤ ከሥር ግን እብጠቱ እየባሰ ይሄዳል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአስም ሞት ምርመራ በአስም የሞቱ 195 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ ነበር። መረጃቸው ከተገኘው 165 ሰዎች 65ቱ በመጨረሻው ዓመት ከአሥራ ሁለት በላይ ማስታገሻ ፓፍ ታዞላቸዋል። ከ195ቱ ደግሞ 45 በመቶ ያህሉ የሞቱት እርዳታ ሳይጠይቁ ወይም ድንገተኛ ሕክምና ሳይደርስላቸው ነው። ሕክምና ነጻ በሆነበት፣ አምቡላንስ በደቂቃ በሚደርስበት አገር ማለት ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አስም 455,000 ሰው እንደገደለ ይገምታል፤ አብዛኛው ሞት የደረሰው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው።

መርካቶ ውስጥ በየወሩ ቬንቶሊን የሚገዛ ነጋዴ ስንት ነው? መድኃኒት ቤቱ ደንበኛውን በስም ያውቀዋል። ያ ተደጋጋሚ ግዢ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚነፋ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ ያለበት መከላከያ ፓፍ ነው። ይህ ግን ከሰማያዊው ይወደዳል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ ሸክሙ ከብዷል። በዚያ ላይ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ ከተጀመረ አይተውም» የሚለው ፍርሃት አለ። ሱስ አያስይዝም። ሰው መድኃኒቱን ደጋግሞ የሚፈልገው ሕመሙ ስላለ ነው። መከላከያውን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ማስታገሻውን ከመቼውም ባነሰ ይነካዋል።

እንግዲህ ያ የመጀመሪያ ሰዓት ባለቤት ያግኝ ስል ማንን ማለቴ ነው? መድኃኒት ቤቶቹን ነው። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ለመርካቶ መድኃኒት ቤቶች፣ ከከነማና ከቀይ መስቀል ጀምሮ እስከ ግል ድረስ፣ አንድ ገጽ የጽሑፍ መመሪያ ማውጣት ይችላል። መደርደሪያቸው ላይ ሳልቡታሞል፣ ስፔሰር ወይም የተበሳ ጠርሙስ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ይኑር። ፋርማሲስቱ ሠልጥኖ የመጀመሪያውን መጠን እንዲሰጥና ወዲያው እንዲልክ ሥልጣን ይሰጠው። ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ሲሰጥ አላግባብ ይበዛል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ስቴሮይድ ዛሬም ያለ ማዘዣ፣ ያለ መጠን፣ ያለ ምክር እየተሸጠ ነው። መመሪያ የሚያመጣው ልክና መዝገብ ነው። ዋናው ሕግም አንድ ይሁን፦ ጀምሮ መላክ እንጂ ይዞ ማስቀረት የለም። በደቂቃዎች የተሻለው ሰው እብጠቱ ስላልወረደ ሌሊት ሊመለስበት ይችላል።

ጤና ጣቢያ ላይ ካርዱ ከሕክምናው በኋላ ይውጣ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም። አምቡላንስ ወደ ውስጥ መግባት ካልቻለ ደግሞ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይታወቅ። ራጉኤል፣ አንዋር መስጊድ፣ አውቶቡስ ተራ ማንም የሚያውቃቸው ቦታዎች ናቸው፤ እዚያ ድረስ በወሳንሳ ሰው ማድረስ የመርካቶ ተሸካሚዎች ከማንም በተሻለ የሚችሉት ሥራ ነው። ስልጠናው ለእነሱም ይሰጥ። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የኦክስጅን መለኪያ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ትምህርት አሁን ከሆስፒታል በር ወጥቶ ወደ ገበያው ይውረድ።

ይህ እስኪሆን ድረስ አስም ያለባችሁ፣ ወይም አስም ያለበት ሰው በሱቃችሁ፣ በመጋዘናችሁ፣ በቤታችሁ የሚውል አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬውኑ ጠርሙሱን አዘጋጁ፣ ፓፉ ውስጡ መድኃኒት እንዳለው ፈትሹ፣ ስለ መከላከያው ፓፍ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት መናገር ሲያቅተው ካያችሁ በጀርባው አታስተኙት፤ አስቀምጡት፣ በጠርሙሱ ፓፍ ስጡት፣ እየሰጣችሁም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ።